የሆስፒታል አልጋና የደም ግፊት መለኪያ፦ የጤና መድንና የአዋቂዎች ልብ ታሪክ በአሜሪካ

በአሜሪካ የጤና መድን የተጀመረው ታሞ ሆስፒታል የተኛ ሰው የአልጋውን ዋጋ መክፈል እንዲችል ለማገዝ እንጂ፣ ጤነኛ መስሎ በሚንቀሳቀስ ሰው ውስጥ የተደበቀን ሕመም ፈልጎ ለማግኘት አልነበረም። በዚያች አገር ከማናቸውም በሽታ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ግን ሰውየውን ሆስፒታል ከማድረሱ በፊት አሥርና ሃያ ዓመት በዝምታ የሚሠራ ነው፤ የደም ግፊት ሲጨምር አያምም፣ ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ በልብ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲጠራቀም አይሰማም፣ ሰውየውም ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ ቆይቶ አንድ ቀን ደረቱን ይዞ ይወድቃል። መድኑ የታሰበበት ዓላማና በሽታው የሚሄድበት መንገድ ገና ከመጀመሪያው አለመገናኘታቸው የብዙ ሰዎችን ዕድሜ አሳጥሯል፤ ሁለቱ ቀስ በቀስ እንዴት እንደተቀራረቡና አሁንም የት ላይ እንደሚተላለፉ ማወቅ የሚቻለው ደግሞ ታሪኩን ከሥሩ በመከታተል ነው።

የጤና መድን ማለት ብዙ ሰዎች አረቦን የሚባል የተወሰነ ገንዘብ በየጊዜው እያዋጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲታመም የሕክምናው ወጪ በሙሉ ወይም በከፊል ከጋራው ገንዘብ የሚሸፈንበት ውል ነው፤ በየወሩ ለእድሩ የሚያዋጣ ሰው የነገሩን መርሕ ያውቀዋል። የደም ግፊት ደግሞ ደም በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ኃይል ሲሆን፣ የሚለካው በሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ የሚጻፈውም በሁለት ቁጥሮች ነው፤ ላይኛው ልብ ደምን ሲገፋ፣ ታችኛው ልብ በሁለት ምት መካከል ሲያርፍ ያለውን ኃይል ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ የሆስፒታል መድን መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው በ1929 በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ፣ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተዘረጋው ዕቅድ ነው። የሆስፒታሉን አስተዳደር የተረከቡት ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል ከዚያ በፊት የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ስለነበሩ፣ ያልተከፈሉ የሆስፒታል ሒሳቦችን ሲያገላብጡ ከባለዕዳዎቹ መካከል የመምህራን ስም በብዛት አገኙ፤ መፍትሔ ያሉትም እያንዳንዱ መምህር በወር 50 ሳንቲም እየከፈለ፣ ቢታመም በዓመት እስከ 21 ቀን በሆስፒታሉ እንዲታከም ማድረግ ነበር። ከአንድ ሺህ በላይ መምህራን ተመዘገቡ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የኢኮኖሚው ውድቀት ሲመጣና የሆስፒታል አልጋዎች ከፋይ በሽተኛ ሲያጡ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም ዕቅዱን እየቀዱ ኋላ ብሉ ክሮስ የተባለውን ማኅበር ፈጠሩ። ሐኪም የሚከፈለውን የሚሸፍነው ብሉ ሺልድ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ በካሊፎርኒያ ነው። ዕቅዱን የወለደው የሆስፒታሎች የገንዘብ ችግር እንጂ የበሽተኞች ጤና ጥናት ስላልነበረ፣ አንድ የአርባ ዓመት መምህር ምንም ሳያመው ወደ ሐኪም ሄዶ የደም ግፊቱን ቢለካ ወጪው የራሱ ነበር፤ ግፊቱ ሳይታወቅ ቆይቶ አንጎሉ ውስጥ ደም ሲፈስ ግን አልጋው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

መድኑን ከሥራ ጋር ያቆራኘው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። መንግሥት በ1942 የዋጋ ንረትን ለመግታት ደመወዝ እንዳይጨምር ሲያግድ፣ ሠራተኛ የጠፋባቸው ፋብሪካዎች በደመወዝ ፈንታ የጤና መድን ይሰጡ ጀመር፤ በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ አሠሪ ለሠራተኛው መድን የሚከፍለው ገንዘብ ከግብር ነጻ መሆኑን አጸናው። በ1940 ከአሜሪካውያን መካከል የሆስፒታል መድን የነበረው ከአሥር አንድ ገደማ ሲሆን፣ በ1950 ግማሽ ያህሉ ነበረው። ዕድገቱ ፈጣን ቢሆንም አንድ ጉድለት አብሮት አደገ፦ ልቡ የደከመ ሰው መሥራት ሲያቅተው ከሥራው ጋር መድኑንም ያጣል፣ በተናጠል መድን ልግዛ ሲልም ቀድሞ የነበረበት ሕመም ተጠቅሶ ይከለከላል ወይም የማይቻለው አረቦን ይጠየቃል። የእርሻ ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ጡረተኛው፣ በደቡብ ግዛቶች የሚኖረው አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ደግሞ ከጅምሩም በሥርዓቱ ውስጥ አልነበሩም።

ይሁንና ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በእነዚያ ዓመታት መድን ቢኖርም ለልብ ሊያደርግለት የሚችለው ጥቂት ነበር። ለዚህ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። የሩዝቬልት መንግሥት በ1935 የማኅበራዊ ዋስትናን ሕግ ሲያወጣ፣ የሐኪሞች ማኅበር ተቃውሞ ሕጉን በሙሉ እንዳያፈርሰው በመስጋት የጤና መድንን ከረቂቁ አስቀርቶት ነበር። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በአገሪቱ ካሉት ሐኪሞች የፈለጉትን ማስጠራት የሚችሉ ሰው ሆነው ሳለ፣ በመጋቢት 1944 ወጣቱ የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን ሲመረምራቸው የደም ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኘ፣ ልባቸውም መድከም ጀምሮ ነበር። በብሩን እጅ የነበሩት ዲጂታሊስ የተባለው የቆየ የልብ መድኃኒት፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ መቀነስና ዕረፍት ብቻ ነበሩ። ሩዝቬልት ሚያዝያ 12 ቀን 1945 በጆርጂያ ግዛት፣ በዎርም ስፕሪንግስ፣ በ63 ዓመታቸው በአንጎል ደም መፍሰስ ሲሞቱ የደም ግፊታቸው 300 በ190 ገደማ ደርሶ ነበር። መድን የሚገዛው በዘመኑ ያለውን ሕክምና ነው፤ ሕክምናው ከሌለ ገንዘቡም፣ ሥልጣኑም ልብን አያድንም።

ተተኪያቸው ሃሪ ትሩማን በኅዳር 1945 ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ብሔራዊ የጤና መድን ሐሳብ ለምክር ቤት አቀረቡ፤ ሐሳቡ የሶሻሊስት ሕክምና ተብሎ በሐኪሞች ማኅበር ዘመቻ ከሸፈ። በሰኔ 1948 ግን ብሔራዊ የልብ ተቋምን ያቋቋመው ሕግ ያለብዙ ሙግት አልፎ ተፈረመ። ምክር ቤቱ የልብ በሽታን ለማጥናት የሚከፍለውን ያህል በሽተኛው እንዲታከም ለመክፈል ፈቃደኛ አልነበረም ማለት ነው፤ ይህ ምርጫ የአሜሪካን ሕክምና ለብዙ ዘመን ቀርጾታል። ጥናቱ ያፈራው ግን ከፍ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በፍሬሚንግሃም ከተማ፣ 5,209 ጎልማሶች በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ልባቸው እንዴት እንደሚታመም እንዲታይ የረጅም ዘመን ክትትል ተጀመረ፤ ዊልያም ካነልና ባልደረቦቹ በ1961 ባወጡት ውጤትም ከፍተኛ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ያለባቸው ሰዎች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪሞች ዕድሜ ሲገፋ ግፊት መጨመሩን እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት ያዩት ነበር።

መድኃኒቱ የመጣው በ1958 ነው፤ ክሎሮታያዛይድ የተባለው እንክብል ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወጣ በማድረግ ግፊትን የሚያወርድ፣ በአፍ የሚወሰድና ሰው ሊታገሠው የሚችል የመጀመሪያው ጥሩ መድኃኒት ሆነ። ግፊትን ማውረድ በእርግጥ ሕይወት እንደሚያተርፍ ያረጋገጠው ግን ኤድዋርድ ፍሪስ የመሩት፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተካሄደው ጥናት ነው። ታችኛው ቁጥራቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች በሁለት ተከፍለው ለአንዱ ወገን እውነተኛ መድኃኒት፣ ለሌላው መድኃኒት የሚመስል ባዶ እንክብል ተሰጠ፤ በ1967 ውጤቱ ሲታተም ባዶውን ከወሰዱት መካከል 27 ሰዎች ከባድ ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ከታከሙት መካከል የተጎዱት 2 ብቻ ነበሩ። በልብ ሕክምና ታሪክ እንዲህ የጎላ ልዩነት ያሳየ ጥናት ብዙ የለም። ልብ ሊባል የሚገባው ማስረጃው የተገኘበት ቦታ ነው፤ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል መንግሥት ወጪውን የሚችልበት፣ በሽተኛው ምንም ሳያመው በቀጠሮው እየተመለሰ መድኃኒቱን የሚወስድበት ተቋም ነበር። ተራው ዜጋ ይህን ሁሉ ከኪሱ መክፈል ነበረበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጤና ባለሥልጣናት ሲያስሉ፣ ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው አሜሪካውያን ግማሾቹ ሕመሙን አያውቁትም፣ ከሚያውቁት ግማሾቹ አይታከሙም፣ ከሚታከሙትም ግማሾቹ ግፊታቸው አልተስተካከለም ነበር፤ በ1972 የተጀመረው ብሔራዊ የደም ግፊት ትምህርት ፕሮግራም የተቋቋመውም ለዚሁ ነው።

በዚህ መካከል ሊንደን ጆንሰን ሐምሌ 30 ቀን 1965 በሚዙሪ ግዛት፣ ትሩማን ባደጉበት በኢንዲፔንደንስ ከተማ፣ ሁለት ታላላቅ ፕሮግራሞችን በፊርማቸው አጸደቁ። ሜዲኬር ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎችን በሙሉ፣ ሜዲኬይድ ደግሞ የተወሰኑ ድሆችን የሚሸፍን ሲሆን፣ የመጀመሪያው የሜዲኬር ካርድ ለአረጋዊው ትሩማን ተሰጠ። ሜዲኬር በሐምሌ 1966 ሥራ ሲጀምር ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ የላቀው ምናልባት በሕጉ ርእስ ላይ ያልተጻፈው ነው፤ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ዘርን የሚለይ ተቋም የፌዴራል ገንዘብ እንዳይቀበል ስለሚከለክል፣ ጥቁርና ነጭ በሽተኞችን በተለያየ ክፍል የሚያስተኙ የደቡብ ሆስፒታሎች የሜዲኬርን ገንዘብ ለማግኘት በጥቂት ወራት ውስጥ በሮቻቸውን ለሁሉም ከፈቱ። ፍርድ ቤትና ሰልፍ ለዓመታት የታገሉለትን ለውጥ፣ የመድን ገንዘብ በጥቂት ወራት አመጣው። ለጥቁር አሜሪካውያን፣ ከነጮቹ ይልቅ ከፍተኛ የደም ግፊት ለሚበዛባቸው ሕዝቦች፣ ይህ የልብ ሐኪም ዘንድ መድረስ ማለት ነበር።

ሆኖም የሜዲኬር አሠራር የ1929ኙን አስተሳሰብ ወርሶ ነበር፤ ለሆስፒታል በደንብ ይከፍል ነበር፣ ለሐኪምም ይከፍል ነበር፣ ጤነኛን ለመመርመር ግን አይከፍልም ነበር፣ ሰው በቤቱ ለሚውጠው እንክብልም አይከፍልም ነበር። የመድኃኒት ሽፋን በ2003 ተደንግጎ ሥራ የጀመረው በጥር 2006 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ጡረተኛ ልቧ ከተጎዳ በኋላ ለሚደረግላት ውድ ቀዶ ሕክምና መድን ሲኖራት፣ ያን ጉዳት ለሚከላከለው ርካሽ የግፊት እንክብል ግን ከሜዲኬር ምንም አላገኘችም። ኤሚ ፊንከልስታይንና ሮቢን መክናይት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ኋላ መዛግብቱን ሲመረምሩ ሜዲኬር በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የአረጋውያንን ሞት በጉልህ እንደቀነሰ የሚያሳይ ምልክት አላገኙም፣ በሕክምና ዕዳ ከመደኽየት ግን ብዙዎችን አድኗል፤ የተከፈለው ለምን እንደሆነ ላሰበ ውጤቱ የሚያስገርም አይደለም።

መድን ጤናን ያሻሽላል ወይስ አያሻሽልም የሚለውን ጥያቄ በሚዛን ለመመለስ ከባዱ ነገር፣ መድን ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ቀድሞውኑ በገቢ፣ በትምህርትና በሥራ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ይህን ለማለፍ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በጆሴፍ ኒውሃውስ መሪነት በ1970ዎቹ ታይቶ የማይታወቅ ሙከራ አካሄደ፤ ዕድሜያቸው ከ62 በታች የሆኑ ሰዎች ያሉባቸው ከ2,700 በላይ ቤተሰቦች ከኦሃዮ፣ ከዋሽንግተን፣ ከማሳቹሴትስና ከደቡብ ካሮላይና ግዛቶች ተመርጠው በዕጣ ለተለያዩ የመድን ዓይነቶች ተመደቡ። አንዳንዶቹ ሕክምናቸው ሙሉ በሙሉ ነጻ ሆነ፣ ሌሎቹ ከወጪው 25፣ 50 ወይም 95 በመቶውን እስከ ተወሰነ የዓመት ጣሪያ ድረስ ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። በ1983 የታተመው ውጤት ሁለት ወገን ነበረው። ከኪሳቸው የሚከፍሉት ሰዎች ሕክምናን ቀንሰው ቢጠቀሙም፣ በአማካይ ሲታይ የጤናቸው ሁኔታ ነጻ ከሚታከሙት አልከፋም፤ ታካሚው ከወጪው ድርሻ ይክፈል የሚሉ መድን ሰጪዎችና ፖለቲከኞች ይህን ግማሽ ለዓመታት ጠቅሰውታል።

ሌላው ግማሽ ግን ለልብ የሚበልጠው ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ከነበረባቸው መካከል ነጻ ሕክምና ያገኙት ግፊታቸው የተሻለ ቁጥጥር ውስጥ ገባ፤ በተለይ ድሆች ሆነው ግፊት ያለባቸው ሰዎች የመሞት አደጋቸው በስሌት ሲገመት በ10 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ምክንያቱ ሲመረመር የተሻለ ሐኪም ወይም የተሻለ መድኃኒት ማግኘታቸው አልነበረም፤ ነጻ የሚታከም ሰው ለጉንፋኑም፣ ለወገቡም ወደ ክሊኒክ ስለሚሄድ፣ በሄደ ቁጥር ነርሷ ግፊቱን ስለምትለካ፣ ያልታወቀው ስለሚታወቅ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግፊትን ብቻ ለይቶ የሚፈልግ ምርመራ ተመሳሳይ ጥቅም በአነስተኛ ዋጋ ሊያስገኝ እንደሚችል መጻፋቸው እውነት ነው። ነገር ግን አማካዩን ብቻ ይዞ የድሃውን ግፊት የተወ ንባብ ጥናቱን አዛብቶታል፤ አማካይ ማለት የጤነኛውንና የታማሚውን ልብ አንድ ላይ ደምሮ ማካፈል ነውና።

የራንድ ውጤት በታተመበት ዘመን ካሊፎርኒያ ሳታስበው የተገላቢጦሹን ሙከራ አካሄደች። የግዛቷ ምክር ቤት በ1982 ወጪ ለመቀነስ ሲል ሜዲካል ከተባለው የድሆች መድን 270 ሺህ ያህል ጎልማሶችን አውጥቶ ወደ የአውራጃዎቻቸው አስተላለፋቸው። ኒኮል ሉሪና ባልደረቦቿ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ይታከሙ ከነበሩት መካከል መድናቸው የተቋረጠባቸውን 186 ሰዎች ተከታተሉ። ከስድስት ወር በኋላ የደም ግፊት ሕመምተኞቹ ታችኛው ቁጥር በአማካይ በ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ጨምሮ ተገኘ፤ መድናቸው ያልተቋረጠባቸው ተመሳሳይ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። የቡድኑ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም የሚያሳየው ነገር ከባድ ነው። በራንድ ሙከራ ነጻ ሕክምና በዓመታት ያስገኘው ጥቅም በአማካይ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ መድን መንጠቅ በግማሽ ዓመት ያስከተለው ጉዳት ከዚያ አምስት እጥፍ ነበር። መድን አዲስ ያገኘ ሰው ሐኪም መፈለግ፣ መመርመር፣ የሚስማማውን መድኃኒት መልመድ አለበት፤ መድን ያጣ ሰው ጉዳት ግን እንክብሉ ባለቀበት ቀን ይጀምራል።

በ1986 የወጣው ሕግ ማንኛውም የሜዲኬር ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወደ ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው መክፈል ይችላል ወይስ አይችልም ሳይል መርምሮ ከአደጋ እንዲያወጣው አስገደደ። ሕጉ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ሒሳቡን ግን አልሰረዘም፣ ከድንገተኛው ሰዓት በኋላ ያለውን ክትትልም አልሸፈነም። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ እያንዳንዱ ደቂቃ የልብ ጡንቻ ይበላል፤ በ2010 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ድንገተኛ የልብ ሕመም ከያዛቸው መካከል መድን ከሌላቸው ግማሽ ያህሉ፣ መድን ካላቸውና ስለ ወጪ ከማይሰጉት ደግሞ ከአሥር አራት ገደማ፣ ሆስፒታል የደረሱት ምልክቱ ከጀመረ ከስድስት ሰዓት በላይ ዘግይተው ነው። መድን ኖሯቸው ስለ ወጪ የሚሰጉት በሁለቱ መካከል ናቸው፤ የመድን ካርድ መያዝና መድን ሊከፍል እንደሚችል ማመን አንድ አለመሆናቸውን ይህ ይናገራል።

ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ሕጉ ራሱ የሠራውን ድንበር ተጠቀሙበት። ዴቪድ ካርድና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ በጠና ታመው በድንገተኛ ክፍል በኩል የገቡ፣ 65 ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውንና 65 ገና የሞላቸውን ሰዎች አነጻጽረው፣ ሜዲኬር ያገኙት በመጀመሪያው ሳምንት የመሞት ዕድላቸው በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን በ2009 አወጡ። ማይክል መክዊልያምስና ባልደረቦቹም ከ65 በፊት መድን ያልነበራቸው የልብና የስኳር ሕመምተኞች ሜዲኬር ካገኙ በኋላ ጤናቸው መድን ከነበራቸው ጋር የነበረው ርቀት እየጠበበ መሄዱን አሳይተዋል።

ከሁሉም ይልቅ ክርክር ያስነሳው የኦሪገን ዕጣ ነው። ግዛቲቱ በ2008 ለድሃ ጎልማሶች ያላት ገንዘብ 10 ሺህ ያህል ሰው ብቻ የሚያስገባ ሲሆን 90 ሺህ ያህል ሰዎች በመመዝገባቸው ዕጣ አወጣች፤ ካትሪን ቤይከርና ኤሚ ፊንከልስታይን የመሩት ቡድንም ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን በፖርትላንድ አካባቢ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መረመረ። በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት ሜዲኬይድ ያገኙት በድብርት የሚሠቃዩት በ30 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፣ ከባድ የሕክምና ዕዳ ጠፍቶላቸዋል ማለት ይቻላል፣ ሐኪም ዘንድ መሄዳቸውም ጨምሯል፤ በደም ግፊትና በኮሌስትሮል ላይ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን ሊረጋገጥ የሚችል ለውጥ አልተገኘም። ተቃዋሚዎች የድሆች መድን ለልብ ምንም አይጠቅምም የሚል ፍርድ ወዲያው አወጡ። ፍርዱ ችኩል ነበር፤ ዕጣ ካልወጣላቸው መካከል እንኳ በምርመራው ቀን ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ከመቶ 16 ያህሉ ብቻ ስለነበሩ፣ ከእነሱም ውስጥ ለውጥ ለማየት የናሙናው መጠንና የሁለት ዓመት ጊዜ አይበቁም ነበር። ያልተረጋገጠ ጥቅም ማለት የሌለ ጥቅም ማለት አይደለም። በሌላ በኩል የመድን ደጋፊዎችም ከጥናቱ የሚማሩት አለ፤ ካርድ መስጠት ብቻውን ግፊት አያወርድም፣ ከካርዱ ቀጥሎ ሐኪም፣ ቀጠሮና መድኃኒት መከተል አለባቸው።

መጋቢት 23 ቀን 2010 ባራክ ኦባማ የፈረሙት የጤና ሕግ መድንና የዝምታውን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብሎ አገናኘ ለማለት ይቻላል። የግፊትና የኮሌስትሮል ምርመራ ታካሚው ከኪሱ ሳይከፍል እንዲደረግለት አዘዘ፣ ከ2014 ጀምሮ መድን ሰጪ ቀድሞ የነበረን ሕመም ምክንያት አድርጎ ሰውን እንዳይከለክል አገደ፣ ሜዲኬይድንም ገቢያቸው ከድህነት መስመር 138 በመቶ በታች ለሆነ ጎልማሶች ሁሉ ከፈተ። መድን የሌላቸው ሰዎች ቁጥር በ2010 ከነበረበት ከ48 ሚሊዮን በላይ፣ በ2016 ወደ 28 ሚሊዮን ወረደ። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2012 ሜዲኬይድን ማስፋፋት ለየግዛቱ ፈቃድ የተተወ ነው ብሎ ስለወሰነ፣ የአገሪቱ ካርታ ለሁለት ተከፈለ፤ ካላስፋፉት ግዛቶች ብዙዎቹ እንደ ሚሲሲፒና አላባማ ያሉ፣ ከድሮም በልብ በሽታና በስትሮክ የሚሞተው ሰው የሚበዛባቸው የደቡብ ግዛቶች ናቸው።

ይህ ክፍፍል ለተመራማሪዎች ማነጻጸሪያ ሆነ። ሳሚድ ካታናና ባልደረቦቹ በ2019 ባወጡት ጥናት ሜዲኬይድን ባስፋፉት ግዛቶች ከ45 እስከ 64 ዓመት ባሉ ጎልማሶች መካከል በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞቱት፣ ካላስፋፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በየዓመቱ ከ100 ሺህ ሰው በ4.3 ያነሱ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በሚሊዮኖች ሲባዛ የብዙ አባቶችና እናቶች ዕድሜ ነው። የኦሪገን ዕጣ በተመረመረበት በዚያው በፖርትላንድ አካባቢ፣ በመልትኖማ አውራጃ፣ ሕጉ ከወጣ በኋላ ከ45 እስከ 64 ዓመት ባሉት ላይ ከሆስፒታል ውጭ የሚደርሰው ድንገተኛ የልብ መቆም በ17 በመቶ ቀንሶ መታየቱም በ2017 ታትሟል፤ 65 ዓመት ያለፋቸው፣ ማለትም ቀድሞውኑ ሜዲኬር የነበራቸው ሰዎች ግን ለውጥ አላሳዩም።

የካርታው መከፈል ለአማርኛ ተናጋሪው ስደተኛ የራቀ ወሬ አይደለም። ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ታላላቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ የሰፈረው በፖቶማክ ወንዝ ዳርና ዳር፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነው። ዲሲ ሜዲኬይድን በ2010፣ ሜሪላንድ በጥር 2014፣ ቨርጂኒያ በጥር 2019 አስፋፉ፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ገቢ ያላቸው ሁለት እኅትማማቾች፣ አንደኛዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሌላዋ አሌክሳንድሪያ ቢኖሩ፣ ለአምስት ዓመታት የአንደኛዋ የግፊት መድኃኒት ሲሸፈን የሌላዋ ላይሸፈን ይችል ነበር። በዚያ ላይ በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ግሪን ካርድ ይዞ የገባ ጎልማሳ ሜዲኬይድ ለማግኘት በአብዛኛው አምስት ዓመት እንዲጠብቅ ደንግጓል። እነዚያ አምስት ዓመታት ብዙውን ጊዜ ሰው በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያና በሱቅ የአሠሪ መድን በሌለው ሥራ ቀንና ሌሊት የሚሠራባቸው፣ እንቅልፉ የሚያጥርባቸው፣ ምግቡ የሚለወጥባቸው ናቸው፤ ግፊቱም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በዚያው የጉልምስና ዕድሜ ነው። በሕጉ የተፈጠረው ክፍተት ልብ ክትትል በምትፈልግበት ዕድሜ ላይ ማረፉ የሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ ባይሆንም ውጤቱ ግን ይኸው ነው።

ሌላው ትልቅ ክስተት ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው። ምክር ቤቱ በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ እስኪያልፍ ድረስ ግዛቶች ማንንም ከሜዲኬይድ እንዳያስወጡ ስለወሰነ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ይደረግ የነበረው የማደሻ ወረቀት ሰውን አላስወጣም፤ መድን የሌላቸው አሜሪካውያን መጠንም ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ። ውሳኔው መጋቢት 31 ቀን 2023 ሲያበቃ ማጣራቱ እንደገና ተጀመረ፤ በ2024 መጨረሻ ላይም ከሜዲኬይድ የወጡት ሰዎች ቁጥር ከ25 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ከእነዚህ ከአሥር ሰባት ያህሉ የወጡት ገቢያቸው አልፎ መሆኑ ተረጋግጦ ሳይሆን፣ ደብዳቤው በአሮጌ አድራሻ ስለተላከ፣ ቅጹ በጊዜው ስላልተመለሰ ወይም ሌላ የአሠራር ጉድለት ስለተገኘ ነው። በካሊፎርኒያ የታየው የደም ግፊት መጨመር የመጣው መድን በተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ የማደሻው ደብዳቤ ቤቱ የደረሰው ሰው ከመድኃኒቱ እኩል ሊጠነቀቅለት፣ በቋንቋው የሚያነብለት ያጣ ወላጅ ወይም ጎረቤት ካለውም ቀኑ ሳያልፍ አብሮት ሊሞላ ይገባዋል።